ያየውን ሁሉ የተሸከመ ሰው

ቤትን ከውስጥ እያሳመረ እንጀራውን የሚበላ አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ይኖር ነበር። ስሙ ለታሪኩ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዓይኑ ነው፤ ሀብቱም መከራውም ከዓይኑ የመጣ ነውና። አንዴ ያየውን ጌጥ አይረሳም። አለመርሳቱስ ባልከፋ፤ እሱ ግን ያየውን ተሸክሞ ይዞራል፣ የሚያወርደውም መጀመሪያ ያገኘው ደንበኛ ቤት ነው።

ሥራውን የጀመረው በቀለም ቀቢ ረዳትነት ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ መውጣት በጀመረበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ዕድለኛው ቁልፉን ተረክቦ በሩን ሲከፍት የሚጠብቀው ሊሾ ወለልና ራቁቱን የቆመ ግድግዳ ነበር። እናም «ፊኒሺንግ» የሚሉት አዲስ ሥራ ለከተማው ወጣት ተከፈተ። ልጁ ስቱኮ እያቦካ፣ ጂፕሰም ሲሰቀል መሰላል እየያዘ፣ ሴራሚክ ሲነጠፍ ውኃ እያቀበለ እጁን አፍታታ። ሌላ የሚበላበት ስላልነበረው ምሳውን የሚበላው ከባለቤቶቹ ጋር ነው። ስቱዲዮ የደረሳቸው አንዲት ባልቴት ቤት ሲሠራ፣ ሴትዮዋ ረከቦታቸውን መስኮቱ ሥር አድርገው ቡና ሲያፈሉ ጎረቤቱ ከኮሪደሩ እየተጠራራ ሲገባ ተመለከተ። አለቃው ቁም ሳጥኑን መስኮቱ ሥር እንዲያቆሙት ሲያዝ፣ ልጁ «እዚያ እኮ ቡና ይፈላል» አለ። ቁም ሳጥኑ ወደ ሌላው ግድግዳ ዞረ። በሕይወቱ የሰጠው የመጀመሪያው የዲዛይን ሐሳብ ይህ ነበር፤ ዲዛይን መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም፣ እሱም ረሳው።

ቆይቶ ማታ ማታ ተምሮ ዲፕሎማውን ያዘ። ሳሎን በኮምፒውተር መንደፍ ቻለ፣ ካርዱ ላይም «ኢንቴሪየር ዲዛይነር» ብሎ አሳተመ። ከትምህርቱ ሁሉ ልቡ ውስጥ የቀረው ግን መምህሩ ክፍሉን ይዞ አፍሪካ አዳራሽን ያስጎበኘበት ቀን ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን ይህን ሕንፃ የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የገባን ሰው ቀልብ የሚወስደው ግን የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው። 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ላይ የአፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ ለሦስት ተከፍሎ ቆሟል። መምህሩ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ ጣሪያው ለምን እንዲህ ከፍ እንዳለ፣ እንዲህ ያለ ግዙፍ ሥዕል አንድ አህጉር ስለ ራሱ ለሚመክርበት ቤት ለምን እንደሚገባው ሲያስረዳ፣ ወጣቱ አፉን ከፍቶ ቀዩንና ሰማያዊውን ያያል። ከመምህሩ ቃል የሰማው የለም።

ከዚያ በኋላ የእጁ ሥራ ሁሉ ባለቀለም መስታወት ሆነ። የመታጠቢያ ቤት መስኮት ሳይቀር አረንጓዴና ወይን ጠጅ አደረገ። መጨረሻው የመጣው አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ታካሚው አፉን ሲከፍት የድዱ ቅላት የሕመም ይሁን የመስኮቱ መለየት አቃተው። መስታወቱ በማግስቱ ተነሳ።

ቀጥሎ ዓይኑ ያረፈው ዶርዜ ላይ ነው። ከአርባ ምንጭ ከፍ ብሎ፣ ጨንቻ ደጋ ላይ፣ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚቆመውን ያንን ረጅም ቤት አየ። ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ከዓመት ዓመት ዝቅ እንደሚል፣ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚያዛውረው ነገሩት። በጣም ተደነቀ። ይዞት የተመለሰው ግን ጉንጉኑን ብቻ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ ያለ የአንድ ምግብ ቤት ጣሪያን ከዳር እስከ ዳር በቀርከሃ አለበሰው። ባለቤቱ ተደሰተ፣ ተመጋቢው ፎቶ ተነሳ። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ግን ከላይ ደቃቅ ዱቄት ይረግፍ ጀመር፤ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀጥሎ ሽሮው ላይ። ነቀዝ ነው። አስተናጋጆቹ ሳህኑን በክዳን ሸፍነው ይሮጣሉ፤ ደንበኛው ክዳኑን ባነሳ ቁጥር ወደ ላይ ያያል።

ግራ የገባው ዲዛይነር ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጋቢ የሚሸምን አንድ የዶርዜ ሰው ለምኖ አመጣ። ሸማኔው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«እጅህ ጥሩ ነው» አለው። «እሳቱስ የት አለ?»

«የምን እሳት?»

«እኛ ቤት እሳት አይጠፋም። ጭሱ ሌት ተቀን ቀርከሃው ውስጥ ይሰርጋል። ነቀዝ ጭስ የጠገበ ቀርከሃ አይደፍርም። ይኼ ያንተው ጭስ አያውቅም። ወይ እሳት አንድድለት፣ ወይ አውርደው።»

ካዛንቺስ መሐል እሳት ማንደድ አይቻልም። ቀርከሃው ወረደ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል አገሩ። እኔ እንኳ በዚህ ተረት እምብዛም አልስማማም። በዚህ ሙያ ያልተበደረ ማን አለ? ሜዜዲሚም አዳራሹን ከባዶ አላመጣውም፣ ዶርዜም ጉንጉኑን ከአያቱ ነው የወረሰው። ሰውዬውም ሌባ አልነበረም። ከሄደበት ሁሉ በስሱ የሚነሳለትን ብቻ እያነሳ መምጣቱ ነው ጉዱ።

ዝናው ግን አልቀነሰም። የተነሳውን መስታወትና የወረደውን ጣሪያ ማንም ፎቶ አላነሳው፤ ፎቶ የሚነሳው አዲሱ ነው። ስለዚህም ከሐረር መጥቶ በኤሌክትሮኒክስ ንግድ የበለጸገ አንድ ሰው ቦሌ ላይ ቪላውን ሠርቶ ሲጨርስ እሱን አስጠራው።

«ሳሎኔ የአባቴን ቤት እንዲመስልልኝ እፈልጋለሁ» አለው።

ዲዛይነሩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጀጎል ገባ። ጠባቡን መንገድ ሲያቋርጥ መጀመሪያ ቅር አለው። ግራና ቀኝ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የማያሳይ በር። ጌጡ የታለ? ግቢውን አልፎ አንዱ ቤት ውስጥ እግሩን ሲያስገባ ነው ነገሩ የተገለጠለት። ሐረር ውበቷን ለመንገደኛ አትዘረጋም፤ ሁሉንም ያኖረችው ለሚገባ ሰው ነው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከከተማዋ ቅርስ ሁሉ እጅግ አስደናቂው ብሎ የለየው፣ የአሚር ኑርን ግንብ ወይም መስጊዶቹን ሳይሆን የቤቶቹን የውስጥ አሠራር ነው። ቤት ማሳመርን የቅንጦት ሥራ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች ይህን መንገር ደስ ይለኛል።

ውስጡ እንዲህ ነው። ወለሉ ቀይ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት አምስት መደቦችም ቀይ፤ መደቦቹን ነደባ ይሏቸዋል። ቅላቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ ሐረሪዎች። በነጣው ግድግዳ ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዶች ተቦርቡረዋል፤ 11 ናቸው፣ ከእነሱም ሁለቱ አራት ማዕዘን ሆነው መቃብርን እንዲያስታውሱ የተሠሩ ናቸው ይባላል። ከዚያ በላይ ያለው ግድግዳ ስፌትና ሳህን ነው፣ ባዶ ቦታ የለውም። በበሩ አናት የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ቤቱ ውስጥ አለች ማለት ነው፤ አማላጅ የሚልክ ሰው አፍ አውጥቶ መጠየቅ አያስፈልገውም።

የቤቱ ልጅ መደብ በመደብ እየጠቆመ አስረዳው። «ይኼ አሚር ነደባ ነው። አባወራው እዚህ ይቀመጣል፤ ከዚህ ሆኖ በሩን ያያል። ያ ሰፊው ጊዲር ነደባ ነው፣ ለእንግዳና ለቤተሰብ። ትንሹ ለሴቶችና ለወጣቶች። ያ ጥግ ገባ ያለው ለመኝታ። ከበሩ ጀርባ ያለው ደግሞ ተልኮ ለመጣ፣ ጉዳይ ይዞ ለገባ ሰው ነው።»

ዲዛይነሩ በዚህ ጊዜ ሜትሩን ዘርግቶ የጎድጓዶቹን ወርድ ይለካ ነበር።

ተመልሶም ሠራው። ማለፊያ ሥራ ነበር፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ሐሜት ይሆንብኛል። ቅላቱ ያው የሐረር ቅላት፣ ጎድጓዶቹ 11፣ ስፌቶቹ ከዚያው ከሐረር ተገዝተው የመጡ። መደቦቹ አምስት። አንድ ነገር ብቻ ከአባትየው ቤት ተለየ፤ ባለቤቱ የሚነግደው ኤሌክትሮኒክስ አይደል፣ ከዱባይ ያስመጣው ትልቁ ቴሌቪዥን ቦታ ይፈልጋል። ቴሌቪዥኑን የሚችለው ግድግዳ አንድ ነበር። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ እዚያ ተሰቀለ፣ መደቦቹም ወደ እሱ ዞሩ፣ አሚር ነደባ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፎቶ አንሺ ይዞ ሲመጣ የባለቤቱን እናት አገኛቸው። ከሐረር መጥተው ሰንብተዋል። የተቀመጡት ግን መደቡ ላይ አልነበረም፤ በሩ አጠገብ ባለችው የጫማ ሳጥን ላይ ነው።

«እናቴ፣ ምን እዚህ አስቀመጠዎት? ወደ ላይ ይውጡ እንጂ።»

«ወጥቼ አይቼዋለሁ ልጄ። ማሻአላህ፣ ያምራል። ግን እዚያ ሲቀመጡ በሩ በኋላ ነው። ሰው በገባ ቁጥር አንገቴን ላዙር እላለሁ፣ አንገቴ ደግሞ እምቢ ይላል።»

ዲዛይነሩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«አባቱ የሚቀመጥበትን ሠርተህለታል፤ የሚያየውን አልሠራህለትም። የልጄ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚያ ላይ ተቀምጦ የገባውን ሰው ፊት ብቻ አይቶ የራበው ይሁን ያዘነ ያውቅ ነበር። በዚህ ቤት አሚሩ ያ ነው» አሉና በምርኩዛቸው ቴሌቪዥኑን አሳዩት። «ሁሉም ወደ እሱ ዞሮ ይቀመጣል። ባለፈው ጁምዓ የአፎቻ ወዳጆቼ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር።» አፎቻ ማለት ሐረሪዎች ሠርጉንም ለቅሶውንም አብረው የሚወጡበት ማኅበር ነው። «በሰልፍ ተደርድረን የማናውቀውን የቱርክ ድራማ አየን። ሲሄዱ የአንዳቸውንም ፊት አልጠገብኩትም።»

ሰውዬው ደነገጠ። ወዲያው ግን፣ እንደ ልማዱ፣ መፍትሔው ታየው። «ገባኝ እናቴ። እንግዲያው ሥርዓቱን እንዳለ አመጣዋለሁ። እያንዳንዱ ሰው በየደረጃው፣ ልክ እንደ ሐረር።»

«ኧረ ተወኝ! እኔ ልጅ ሳለሁ ቦታዬ ታች ነበር፤ ከፍ ያለው ላይ ስወጣ ጎትተው ያወርዱኝ ነበር። ያ ናፍቆኝ አይደለም የምነግርህ። የልጄ ሚስት ሐኪም ናት። ቀኑን ስትሠራ ውላ ደክሟት ስትገባ፣ እሷን ታች አስቀምጠህ እኔን ላይ ልታወጣኝ ነው?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ተቀመጥና እይ።»

የሚቀመጥበት ሲያጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ፎቶ አንሺውን አሰናብቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ከቀትር እስከ ማታ። ዘበኛው የመብራት ቢል ይዞ መጣ፤ ጫማውን አውልቆ እንዳይገባ የሚያርፍበት የለም፣ እንዳይሄድ መልስ ይፈልጋል፤ አንድ እግሩን ደጅ አንዱን ቤት አድርጎ ወደ ላይ ተጣራ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ቀዩን ሳሎን በሩጫ አቋርጠው የቤት ሥራቸውን ኩሽና ወለል ላይ ዘረጉ፤ ለንባብ የሚሆን ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ሽንኩርት ይዛ በኩሽናው በር ቆማ ትልጣለች፤ ድምፅ የምትሰማው ከዚያ ስትቆም ነው። ሐኪሟ ገባች፣ ቦርሳዋን ወለል ላይ ጣለች፣ ግድግዳ ተደግፋ ጫማዋን አወለቀች። ባለቤቱ ራሱ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ በጓሮ በር ቀጥታ ፎቅ ወጣ። ያን ሁሉ ሰዓት አሚር ነደባ ላይ እግሩን ያሳረፈ ሰው ፎቶ አንሺው ብቻ ነበር፣ እሱም ከመሄዱ በፊት የተሻለ ማዕዘን ፍለጋ።

ማታ ዲዛይነሩ ለባለቤቱ ሳሎኑ ይፍረስ ሲለው የሆነውን መገመት አያቅትም።

«ሐረርን ብዬ ነው የከፈልኩህ!» አለ ነጋዴው። «ሰው ሁሉ አድንቆታል። ቴሌቪዥኑስ የት ሊሄድ ነው?»

«መኝታ ቤትህ ይግባ» አሉ እናትየው። «አሚር ከሆነ የራሱ እልፍኝ ይገባዋል።»

ክርክሩ ቀናት ፈጀ፤ ዝርዝሩን ልተወው። በመጨረሻ የሐኪሟ ድምፅ አሸነፈ፤ እሷም ብዙ አልተናገረችም፣ «ጫማ የማወልቅበት ወንበር ብቻ ካገኘሁ ከማንም ጋር ነኝ» ብላ ነው። ከአምስቱ መደብ ሁለቱ ፈረሱ። የቀሩት በግድግዳው ዙሪያ ተያያዙ፣ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን እንዲያይ። አንደኛው በሩን ትይዩ ሆነ፤ ከፍታው አሮጊቷ ያለ ምርኩዝ እንዲወጡበት ተደርጎ ዝቅ አለ። ከበሩ ጎን ለሁለት ሰው የሚበቃ አግዳሚ ተሠራ፤ ዘበኛውም ሐኪሟም ይቀመጡበታል፣ በተለያየ ሰዓት ቢሆንም። መብራቱ ከጂፕሰሙ ውስጥ ወጥቶ ልጆች ደብተር ሊዘረጉበት በሚችሉት ጠረጴዛ ላይ ወረደ። የኩሽናው ግድግዳ ወገብ ድረስ ተከፈተ። ጎድጓዶቹ 11 መሆናቸው ቀረ፤ ግማሾቹ ግድግዳው ሲዞር ተደፈኑ።

ፎቶ አንሺው ተጠርቶ መጣና ዙሪያውን አየ። «የፊተኛው ይሻል ነበር» አለ። ለፎቶ እውነቱን ነው።

የሚገርመው፣ በከተማው የዞረው የፊተኛው ፎቶ ነው። ከመፍረሱ በፊት ባለቤቱ በስልኩ አንስቶ ለወዳጆቹ ልኮት ነበርና። «የሐረር ሳሎን» ፋሽን ሆነ። ደንበኛ በሩን ያንኳኳ ጀመር፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ቀይ መደብ፣ ያንኑ ቴሌቪዥን ያሳየዋል። ሰውዬው ግን አመሉ ተለውጧል። ዋጋ ሲጠይቁት፣ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነቃው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ቁልፍ የት ነው የሚጣለው? እንግዳ ሳይደውል ይመጣል ወይስ ደውሎ? ለቅሶ ቢደርስ ዕቃው ወዴት ይወጣል? ከቤተሰቡ ብቻውን መሆን የሚፈልገው ማነው፣ የትስ ይደበቃል? አንዳንዱ ሳቀበት። አንዱ «አንተ መርማሪ ነህ ወይስ ቀለም ቀቢ?» ብሎት ተነስቶ ሄደ። የጸኑት ጥቂቶች ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ቤቱን የሠራው ማን እንደሆነ እንግዳ አይለይላቸውም። ሥራዎቹ አይመሳሰሉም። አንዱ ቤት መደብ አለው፣ አንዱ ሶፋ፣ አንዱ ጋ ሳሎኑ ከነጭራሹ የለም፤ ባለቤቶቹ የሚውሉት በረንዳ ላይ ነውና በረንዳውን አስፍቶ ሳሎኑን መኝታ ቤት አድርጎታል። «ስታይልህ ምንድን ነው?» ሲሉት የሚመልሰው ያጣል፣ ባለሙያዎች በሚሰበሰቡበት መድረክም የስሙ መነሳት እየቀነሰ መጥቶ ጠፋ።

ተሸክሞ መዞሩን ግን አልተወም፤ እንዲያውም ጉዞው በዛ። አሁን አንድ ቤት ሲገባ ሜትሩን ከኪሱ የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይረሳዋል።

በሐረሩ ሥራ ላይ ረዳቱ የነበረው ወጣት ተለይቶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። መደቡን በቺፑድ፣ ጎድጓዱን በጂፕሰም እየቆረጠ «የሐረር ሳሎን» በሳምንት ያስረክባል። ተሳካለት፣ መኪናም ገዛ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ አለቃውንም ያከብራል። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለ ልኬቱን የጻፈበት ወረቀት ጠፋበትና ደወለ።

«ጋሼ፣ ያ አሚር ነደባ ከፍታው ስንት ነበር?»

«ለማን ነው?»

ወጣቱ ኔትወርኩ የተቆራረጠ መሰለው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ከፍታው ጋሼ! ከፍታውን ነው የጠየቅኩህ! አናጺዎቹ ቆመዋል!»